ሠርጉ እየታወሰ ቁርሱ ለምን ይረሳል?

የዛሬ 40 ዓመት የተደገሰን ሠርግ ከነታዳሚው እየዘረዘሩ የሚያጫውቷችሁ እናት፣ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ስለ ምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙዎቻችን «ጃጅተዋል» ብለን እናልፈዋለን። እርጅና ብቻውን ግን ይህን ያህል አያደርስም። አልዛይመር የተባለው የአንጎል በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጀርመናዊው ዶክተር አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ወይዘሮ መረመሩ። ወይዘሮዋ ስማቸውን እንኳ አስተካክሎ መጻፍ ተስኗቸው ነበር። በ1906 ሲሞቱ ዶክተሩ አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፣ በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተጠራቀመ ጓል፣ በሕዋሳቱም ውስጥ እንደ ክር የተተበተበ ነገር አገኙ።

ዛሬ ሁለቱም ፕሮቲኖች መሆናቸው ታውቋል። አሚሎይድ የተባለው ከሕዋሳቱ ውጭ እየተጠራቀመ ይጓጉላል። ታው የተባለው ደግሞ በጤናው ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ምግብ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ደግፎ የሚያቆም ነው፤ ሲበላሽ ከቱቦዎቹ ተላቆ እርስ በርሱ ይተበተባል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፤ ውሎ አድሮም ይሞታል። ቆዳ ቢቆስል ይሽራል፤ የሞተ የነርቭ ሕዋስ ግን አይተካም። ይህም ሁሉ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት አስቀድሞ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበረታው አዲስ ነገር በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ሠርጉ ከድሮ ጀምሮ ተመዝግቧል፤ ቁርሱ ግን ከመጀመሪያውም አልተመዘገበም። «አሁን ነገርኩዎት እኮ!» ብሎ መቆጣት ምን ይጠቅማል? ከዚህ የከፋው፣ እናት ገንዘባቸውን ራሳቸው ትራስ ሥር ሸሽገው «ሠራተኛዋ ወሰደችብኝ» ሲሉ ነው። እባካችሁ ልጅቷን ከማባረራችሁ በፊት ትራሱን ግለጡ። እናት አልዋሹም፤ ሠራተኛዋም አልሰረቀች ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት አሚሎይድን የሚጠርጉ መድኃኒቶች ወጥተዋል። በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌካኔማብ የበሽታውን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያል እንጂ የሞተውን አይመልስም። ይሁን እንጂ መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የመንፈስ ጭንቀትና አንዳንድ ኪኒኖችም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ እናት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ለውጡ መቼ እንደ ጀመረም እናንተ ተናገሩ፤ እሳቸው «ምንም አልሆንኩ» ማለታቸው አይቀርምና።