ከፕሮግራም ጋር የታሸገ የማዋቀሪያ ፋይል እንዴት ይነበባል?

ከደብረ ብርሃን የሚነሣን መንገደኛ «ወደ ምሥራቅ ሂድ» ብንለው ወደ አንኮበር ያቀናል፤ አንኮበር የቆመውን ግን ያው ቃል ወደ ቆላው ያወርደዋል። አንጻራዊ የፋይል አድራሻም እንዲሁ ነው፤ የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ሳይሆን ከተጠራበት ፎልደር ነው። የማዋቀሪያ ፋይሉ በተማሪው ኮምፒውተር ተነብቦ ሰርቨር ላይ «አልተገኘም» የሚባለው ስለዚህ ነው።

በጃቫ ነገሩ ይብሳል፤ ፕሮግራሙ በጃር ሲጠቀለል ፋይሉ የጥቅሉ አካል ይሆንና በዲስኩ ላይ የራሱ አድራሻ አይኖረውም። መፍትሔው ክላሱን ራሱን በ«ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» መጠየቅ ነው፤ በፓይተን ከ3.7 ወዲህ «ኢምፖርትሊብ ሪሶርስስ» ይህንኑ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል «ቲዜድዳታ» ከተባለው ጥቅል የሚያነበው በዚሁ መንገድ ነው። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ግን አብሮ አይታሸግ፤ ጥቅሉን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል።