ሦስተኛው ሳምንት

እማማ ድመታቸውን የሚያመጧት በዘንቢል ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እንዳያይባቸው የዘንቢሉን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑታል። ባለፈው ጥቅምት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ገና ወንበር ሳይዙ፣ «ዶክተር፣ ያ መድኃኒት አልያዘላትም፤ ሩዙ ተመልሶ መጣ» አሉኝ። ሩዝ የሚሉት ጅራቷ ሥር ካለው ፀጉር ላይ ተጣብቆ የሚደርቀውን የትል ቁራጭ ነው። ትኩስ ሲሆን ይንቀሳቀሳል፤ ሲደርቅ ግን እውነትም የሩዝ ፍሬ ይመስላል። እኔ በትምህርት ቤት ከተማርኩት የላቲን ስም ይልቅ የእማማ ስም የተሻለ ይገልጸዋል።

መዝገቡን ሳገላብጥ ክኒኑን የሰጠኋት ከ22 ቀን በፊት ነበር። በነሐሴም አንድ ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ፕራዚኳንቴል ነው፤ ድመቷ ተመዝና፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም ተሰልቶ። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ሥራውን ያልሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ክኒን ስሰጥ «ቁንጫ አላት ወይ?» ብዬ አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም።

ይህ የኮሶ ትል ከድመት ወደ ድመት በቀጥታ አይተላለፍም። በቁራጩ ውስጥ ያለውን እንቁላል ምንጣፍ ሥር የሚኖር የቁንጫ እጭ ይበላዋል። እጩ አድጎ ቁንጫ ሲሆን ትሉን በሆዱ እንደያዘ ድመቷ ላይ ይወጣል፣ እሷም ሰውነቷን ስትልስ ትውጠዋለች። ከዚያ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱ ትል ሩዙን መጣል ይጀምራል። እማማ የቆጠሯቸው ቀናት እነዚህ ነበሩ።

የቅማል ማበጠሪያ አውጥቼ ጀርባዋን አበጠርኩ። የወጣውን ጥቁር ትቢያ በእርጥብ ሶፍት ላይ ሳራግፈው ቀይ ሆኖ ተሰራጨ። የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቁንጫው መጥጦ የፈጨው የድመቷ ደም። እማማ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «እንግዲህ ይሄ ኮሶ ጠጥቶ በማግስቱ ጥሬ ሥጋ እንደ መብላት ነው» አሉ። እኔ ብዙ ደቂቃ የሚወስድብኝን ነገር በአንድ አነጋገር ጨረሱት። ኮሶ ይጠጣ በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው፣ መድኃኒት ዛሬ ሆድ ውስጥ ያለውን እንደሚያወጣ፣ ነገ ለሚገባው ግን ዘብ እንደማይቆም በራሱ ሆድ ያውቀዋል።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ከክኒኑ በእጅጉ ይከብዳል። ድመቷ የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ሶፋውን ከግድግዳ አርቆ ሥሩንና ጥጋጥጉን መጥረግ፣ የተጠረገውንም ከቤት ማውጣት ያስፈልጋል። በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ቁንጫ ከእጭነት ወደ ሙሉ ቁንጫነት ሲለወጥ በራሱ ድር ተጠቅልሎ ለወራት መቆየት ይችላል፤ ቤቱ ጸዳ ብለን ባረፍንበት ጊዜ ይፈለፈላል። እማማ ሥራውን ከልጅ ልጃቸው ጋር ተካፈሉት። ለድመት ተብሎ የተሠራውን የቁንጫ ጠብታ ደግሞ እኔ በየወሩ አደርግላታለሁ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው አለኝ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት፣ ወይም ለውሻ የተሠራውንና ፐርሜትሪን ያለበትን ጠብታ ድመት ላይ አታድርጉ። የድመት ጉበት የእኛና የውሻ ጉበት የሚያከሽፋቸውን ብዙ ነገሮች ማክሸፍ አይችልም። እየተንቀጠቀጡ የመጡልኝ ድመቶች አሉ፤ ሁሉንም አላዳንኩም። ፓራሲታሞልም እንደዚሁ ነው፤ ሆዷን አመማት ተብሎ የተሰጠ ግማሽ ክኒን ሊገድላት ይችላል። በየቤቱ የማይጠፋው አልቤንዳዞል ደግሞ ደም የሚያመርተውን መቅኔ ሊጎዳባት ይችላል። ሰው የሚያደርገው በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህም ነው ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉልኝ የምለው።

ስለሌሎቹ ትሎች በአጭሩ። ወስፋት ለግልገሎች ከእናታቸው ጡት ጋር ስለሚደርሳቸው፣ መድኃኒቱን ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ጀምረን ጡት ከተው ሁለት ሳምንት እስኪሆናቸው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ እንሰጣለን። መንጠቆ ትል ደም ስለሚመጥ ድዷ ነጥቶ ይታያል። አይጥ የምትይዝ ድመት ደግሞ ከአይጧ ጉበት ሌላ ዓይነት ኮሶ ታገኛለች፤ ውጭ ለምታድን ድመት በዓመት አራት ጊዜ ፀረ ትል ብትወስድ አይበዛባትም።

ትል የሌለበትን ሆድ ያስተማረኝ ግን ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ የአራት ዓመት ድመት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከመልኩ። ባለቤቱ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ናት። ሥር የሰደደ የምንለው ከሦስት ሳምንት ያለፈ ተቅማጥን ነው፤ የጉሬዛ አምስት ወር ሆኖት ነበር። በእነዚያ ወራት አራት ጊዜ የትል መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ አንዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ክብደቱ ከ4.6 ኪሎ ወደ 3.9 ወርዷል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ10 ኪሎ በላይ ቢከሳ ቤተሰቡ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የድመት 700 ግራም ግን በፀጉር ተሸፍኖ ያልፋል።

ሰገራውን በሦስት የተለያዩ ቀናት አስመጣሁ፤ የትል እንቁላል በየቀኑ አይወጣምና አንድ ባዶ ስላይድ ማስረጃ አይሆንም። በጨው በጠገበ ውኃ በጥብጬ፣ ካለ ተንሳፎ እስኪወጣ ጠብቄ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ለጃርዲያም ገና ትኩስ ሳለ አየሁ። ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቅ የሚገባኝን የጠየቅሁት፤ «ምን ይበላል?»

ጠዋት ወተት። ማታ ቤቱ የበላውን። እሑድ ከሉካንዳ የመጣ ሳንባ። በሑዳዴ ሽሮ በእንጀራ፣ በፋሲካ ደግሞ ከዶሮ ወጡ።

ከወተቱ ልጀምር። ድመትና ወተት በሕፃናት መጽሐፍ ሁሉ አብረው የተሣሉ ናቸው። ነገር ግን ድመት ጡት ከተወች በኋላ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ንጥረ ነገር በአንጀቷ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ውኃ ስቦ አንጀቷን ያቀጥነዋል። አንዳንዷ ትችለዋለች፤ ብዙዎቹ አይችሉትም።

ጾሙ ከዚህ ይከብዳል፤ ስለ እሱ የምናገረውም በአክብሮት ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የተነገረው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም በድመት ሆድ ላይ ግን ቃል በቃል ይሠራል። ድመት ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ ማምረት አትችልም፤ በሽሮና በምስር ውስጥም የለም። ታውሪን ያጣች ድመት የዓይኗ ብርሃን እንደሚጠፋ በ1975 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ ልቧም እንደሚደክም በ1987። በ55 ቀን አትታወርም። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ ዓመቱ ሩቅ ይወስዳታል። ከዚያ በትንሣኤ ማግስት፣ ሁለት ወር ሥጋ ላልነካ አንጀት ቅባትና በርበሬ ይቀርብለታል። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ሽንኩርቱ ነው፤ ወጥ ውስጥ ቢበስልም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት በክሊኒኬ ተቅማጥና ትውከት የሚበዛበት ነው። ጾሙ የሰው ነው፤ ለድመቷ ያለ ጨው የተቀቀለ እንቁላል ወይም ትንሽ ሥጋ ለብቻዋ በተለየ ዕቃ ቢቀመጥላት የማንንም ጾም አይፈታም።

ለጉሬዛ ለሁለት ሳምንት አንድ ምግብ ብቻ አዘዝኩ፤ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋና ውኃ። ችግሩ ከምግብ ከሆነ ለውጡ በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታያል። የዶሮ ሥጋ ለብቻው ለዘለቄታ እንደማይበቃ፣ ይህም ሙከራ እንጂ ኑሮ እንዳልሆነ ነገርኳት። አንድ ደብተር እንድትይዝም ለመንኳት፤ ቀኑን፣ የበላውን፣ ሰገራው እንዴት እንደነበረ፣ አስመልሶት እንደሆነ፣ እሑድ እሑድ ክብደቱን።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን አመጣችው። ሰኞ ደህና፣ ማክሰኞ ደህና፣ እስከ ቅዳሜም እንዲሁ። እሑድ ተቅማጥ። የሚቀጥለውም እሑድ ተቅማጥ። «ቅዳሜ ማን አለ ቤት ውስጥ?» ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። እናቷ ይመጣሉ። የከሳ እንስሳ ማየት አንጀታቸውን ስለሚበላው ልጃቸው ሳታይ በሲኒ ወተት ያስቀምጡለት ነበር። ይህን ምንም ዓይነት ማይክሮስኮፕ አያሳይም።

ወተቱ ከቆመ በኋላ ተቅማጡ ቀነሰ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜም ያስመልሰዋል። ትውከቱን ሰው ሁሉ «ፀጉር ነው» እያለ ያልፈዋል፤ ክብደት ከሚቀንስ ድመት የሚመጣ ተደጋጋሚ ትውከት እንዲያ መታለፍ የለበትም። የአንጀት ብግነት ጠረጠርኩ። ከአንጀቱ ናሙና ተቆርጦ ካልተመረመረ ብግነቱን ቀስ ብሎ ከሚያድገው ሊምፎማ መለየት አይቻልም፤ እኔ ጋ ደግሞ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ የለም። ይህንኑ ሳልሸፍን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆይታ፣ «በሚቻለው እንሂድ» አለችኝ። ፕሬድኒሶሎን ጀመርን፤ የታመመ አንጀት የማይወስደውን ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ በመርፌ፣ በሳምንት አንድ፣ ለስድስት ሳምንት። ምግቡንም ለድመት ተመጣጥኖ ወደተዘጋጀ፣ ወተት ወደሌለበት ቀስ በቀስ ቀየርነው። ውድ ነው፤ አንዳንዴም ከመደብር ይጠፋል። ሲገኝ ሁለት ከረጢት ትገዛለች።

በመሀል አረገዘች። ዘመድ ሁሉ «ድመቱን ጣሉት» አለ፤ እያለቀሰች መጣች። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ በድመት አንጀት ይራባል፣ ፅንስንም ይጎዳል። ግን ድመት እንቁላሉን የምትጥለው በአብዛኛው መጀመሪያ ስትያዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የተጣለውም ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የአሸዋውን ሣጥን ባለቤቷ በየቀኑ ያጽዳ አልኳት፤ ለድመቱም ጥሬ ሥጋ አይሰጠው። አንቺም ክትፎሽን አብስለሽ ብዪ፣ ሰላጣውን በደንብ እጠቢ፤ ጥሬ ሥጋ የጥገኛው ሌላ ትልቅ በር ነው። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድም ድመት እንዳላት ለሐኪሟ እንድትነግር አሳሰብኳት።

ባለፈው ሳምንት ጉሬዛን ያመጣው ባለቤቷ ነው፤ እሷ አራስ ናት። ሚዛኑ ላይ 4.4 ኪሎ። የክኒኑን መጠን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ደብተሩን ተቀበልኩት። የእጅ ጽሑፉ ተቀይሯል፤ የእሷ ጠባብና ቀጥ ያለ ነበር፣ የእሱ ሰፋፊ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦

«ቅዳሜ፤ እማዬ መጥተው ነበር። ወተት አልሰጡትም።
እሑድ፤ ደህና።»