ከልጆች ጋር ወደ ቦንጋ ልትጓዙ ነው? ከመነሳታችሁ በፊት ይህንን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በብዛት አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶክተር፣ ልጆቹን ይዘን ወደ ቦንጋ ልንሄድ ነው፤ ምን ምን መድኃኒት እንያዝ?» እሺ፣ ወደዚያ እንመጣለን። መጀመሪያ ግን አንድ ገጠመኝ ላጫውታችሁ።

አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጉሮሮው ቀላ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ቶንሲል ነው ብዬ መድኃኒት መጻፍ ጀምሬ ነበር። ልትወጣ ስትነሳ «ዶክተር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ቦንጋ ነበርን፤ ይሄ ነገር ይገናኛል እንዴ?» አለችኝ። በደንብ ይገናኛል! ደሙ ሲመረመር ወባ ነው። ልጁ በጊዜ ታክሞ ድኗል። ግን ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ይዞት የመጣን ልጅ «በቅርቡ ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» ሳልል አላልፍም።

ይህን የምላችሁ ጉዞውን እንድትሰርዙ አይደለም። እንዲያውም ሂዱ! የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የጫካ ቡናው፣ የባርታ ፏፏቴ፣ የእግዜር ድልድይ አለ። ወደ ኮንታና ዳውሮ ከዘለቃችሁ ደግሞ የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆንና ጎሽ አለ። ልጆቻችሁ ዝሆንን ከስልክ ስክሪን ውጪ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ብቻ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

1. ወባ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አያሰጋትም። ቦንጋ ግን ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨበራ ጩርጩራ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ከፍ የሚለውም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ቶሎ ሊጸናበት ይችላል።

ምን እናድርግ?

• የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አመሻሹ ላይ ልጆቹን እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ሱሪና ካልሲ አልብሷቸው።
• የምታድሩበት ቤት አጎበር መኖሩን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ከቤት ያዙ። ዳርና ዳሩን ፍራሽ ሥር ወትፉት።
• ትንኝ የሚያባርር ቅባት ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይቀባም። ለትልልቆቹም ቢሆን እጃቸው ላይ አትቀቡ፤ ወደ አፍና ዓይን ይገባል።
• ከጉዞ በፊት የሚወሰድ የወባ መከላከያ መድኃኒት አለ። ግን ለልጅ የሚታዘዘው በኪሎው ነው፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። አንዳንዱ ደግሞ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት መጀመር አለበት። ስለዚህ ሻንጣ በምታዘጋጁበት ዕለት ሳይሆን ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሩ። እርጉዝ ካለች እሷም ትማከር።

2. መንገዱ

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕፃን ይዛችሁ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትጣደፉ፤ ጅማ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ በጨለማም አትንዱ።

ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ መሄድ ለብዙዎቻችን ፍቅር ይመስለናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ ግን 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ200 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ፊት ይወረወራል። ያንን የሚይዝ የእናት ክንድ የለም። ልጆች ከኋላ፣ በራሳቸው የሕፃናት መቀመጫ፣ ታስረው ይቀመጡ። አንድ ቀበቶ ለእናትና ለልጅ በጋራ አይታሰርም፤ ግጭት ሲመጣ የእናትየው ክብደት ልጁን ይደፈጥጠዋል።

ጊቤ በረሃ ስትደርሱ ሙቀቱ ድንገት ይጨምራል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው፤ ጡት የሚጠባውን ደጋግማችሁ አጥቡ። «ሁለት ደቂቃ ነው» ብላችሁ ልጅን በቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ።

የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ስልክና ታብሌት አትስጡት፤ በመስኮት ራቅ አድርጎ ይመልከት። ከጉዞ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ አይብላ፤ ባዶ ሆዱንም አይሁን። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ክልክል ነው። ከዚያ በላይ ላለውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ።

3. ሆድ

የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ይጠጡ። ጥሬ ሥጋ ለልጅ ይቅር። ተቅማጥ ከጀመረ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ። በተቀመጠ ቁጥር ከሁለት ዓመት በታች ላለው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለትልቁ ከ100 እስከ 200 ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። የተረፈውን በ24 ሰዓት ውስጥ ድፉት።

አሁን ደግሞ ስለ ማር። ካፋ የማር አገር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ማር ማቅረብ ያለ ነው። እናንተ ብሉ፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን በጣት ተነክሮ እንኳ አይልስ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር አለ። አዋቂን ምንም አያደርገውም፤ ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ያድግና መርዝ ያመነጫል፤ ጡንቻ ያዝላል፣ እስከ ትንፋሽ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ማሩን ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። እማማ ቅር እንዳይላቸው «ዶክተሩ ከልክሎን ነው» በሉ፤ በእኔ አሳብቡት።

4. ደን ውስጥ

ሸፋኝ ጫማ ግድ ነው፤ ሳማውም፣ አልቅቱም፣ ጭቃውም አለ። ዝንጀሮና ጦጣ አትመግቡ፤ ሊነክሱ ይችላሉ። ጦጣም ይሁን ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተሰጠ ያድናል።

5. ከተመለሳችሁ በኋላ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄንን ነው። ወባ ከትንኟ ንክሻ በኋላ ምልክት ለማሳየት ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። አንደኛው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ማለትም ልጁ ሲታመም ሻንጣው ከተፈታ ቆይቷል፤ ፎቶዎቹም ተረስተዋል።

ስለዚህ በተመለሳችሁ በሦስት ወር ውስጥ ልጁን ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩ። «ቦንጋ ነበርን» የሚለውን ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ውጤቱ ነጻ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀው በማግስቱ ይደገም። ሳይመረመር ኮአርተም ገዝታችሁ አትስጡ።

ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሚወስደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከደነዘዘ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሩጡ። ቦንጋ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ።

የምትይዙት፦ ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ (መጠኑን በልጁ ኪሎ አስጽፋችሁ)፣ ቴርሞሜትር፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ አጎበር፣ የትንኝ ቅባት፣ ልጁ በቋሚነት የሚወስደው መድኃኒት ካለ እሱን እና የክትባት ካርዱን።

ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ወዳጅ ዘመድ አጋሩት። መልካም ጉዞ፣ በሰላም ተመለሱ!