ግብር ማሳወቁ በነፃ፤ የሚያስከፍለው ሌላ ነው

ጥቅምት ሲጋመስ ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ፣ ከኦሎምፒያ እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ገበያው ይደራል። ነጋዴው የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ ፊት ለተቀመጠው ልጅ የቲን ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ፓስወርዱንም ይሰጠዋል። በስልኩ የመጣለትን ኮድ ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነብለታል። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። ነጋዴው አንዲት የታተመች ወረቀት ይዞ «ተገላገልኩ» እያለ ይወጣል።

የተከራከሩበት ሥራ ግን መንግሥት አንድ ሳንቲም የማይጠይቅበት ነው።

በገቢዎች ሚኒስቴር የኢ-ታክስ አገልግሎት የተመዘገበ ግብር ከፋይ የገቢ ግብሩንም ሆነ የየወሩን ቫት ከሱቁ ሳይነሳ ማሳወቅ ይችላል። ለማሳወቁ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ የለም። የሚከፈለው ግብሩ ብቻ ሲሆን እሱም በባንክ በኩል ያልቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ክፍያን በስልክ መፈጸም ለከተማው ነጋዴ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በማያ ገጽ የተላከው ሰነድ «ወረቀት ስላልሆነ አይጸናም» እንዳይባልም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ነገሩን ዘግቶታል።

ታዲያ ነጋዴው ለምን ይከፍላል? ፍርሃት አለ፤ ጊዜ ማጣት አለ፤ የኔትወርክ መቆራረጥም አለ። ይህን ማንም ይረዳል። ብዙዎች ያላስተዋሉት ግን ያቺ «ላክ» የምትለው ቁልፍ ምን እንደሆነች ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ነጋዴው ራሱ ያቀረበው ማስታወቂያ እንደ ግብር ስሌት ይቆጠራል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ሲጫን ነጋዴው «ግብሬ ይህን ያህል ነው» ብሎ እንደ ፈረመ ነው። ባለሥልጣኑ ያንን ስሌት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተመልሶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማጭበርበር ከተገኘበት ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ያን ጊዜ ልጁ ሌላ ሥራ ይዞ ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ምናልባት ጁስ ቤት ሆኗል።

በቁጥር እንየው። የግለሰብ ነጋዴ ትርፍ 35 በመቶ በሚከፈልበት የመጨረሻው እርከን ላይ ደርሷል እንበል። ልጁ በጥድፊያ የዓመቱን የሱቅ ኪራይ 120,000 ብር ወጪ ውስጥ ሳያስገባ ቢቀር ነጋዴው 42,000 ብር ያለ አግባብ ይከፍላል። ስህተቱ በተቃራኒው ሆኖ ሽያጭ ቢጎድል ደግሞ ልዩነቱ ከነቅጣቱ ይመጣል። ለልጁ ሲከፈል «ረከሰ» የተባለው ዋጋ ከዚህ ጋር ሲመዘን የት እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ከዚህም የባሰ አለ። ምዝገባውን የሠራው ሰው የራሱን ስልክና ኢሜይል አስገብቶ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የሚላከው መልዕክት የሚደርሰው ለእሱ ነው። በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ አዋጁ የሰጠው ጊዜ ደግሞ 21 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲሆን ለዚያም 30 ቀን አለ፤ ይግባኝ ባይ ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። መልዕክቱ በሌላ ሰው ስልክ ተኝቶ 21 ቀኑ ካለፈ «አልሰማሁም» ማለት አስቸጋሪ ነው።

ለካዛንቺስ ነጋዴ ነገሩ ድርብ ሆኗል። ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ድርጅት ስሙን የወረሰው ይኸው ሰፈር በ2017 መጀመሪያ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪው እስከ ገላን ጉራ ድረስ ተበተነ፤ ሱቁም አብሮ ተበተነ። ከዚያ ተነስቶ ለአንድ ቅጽ ቂርቆስ ድረስ የሚመላለስ ሰው በኢንተርኔት ማሳወቁ የታክሲውንና የሥራ ቀኑን ያተርፍለታል። ነገር ግን ኢንተርኔቱ ሱቁ መነሳቱን በራሱ አያውቅም። የአድራሻ ለውጥን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ የግብር ከፋዩ ግዴታ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ መዝገቡ ግን አሁንም «ካዛንቺስ» የሚል ከሆነ ማስታወቂያው ወደ ፈረሰ በር ይሄዳል።

ሥራ የቆመበት ነጋዴም «ሽያጭ የለኝም፣ ምን አሳውቃለሁ?» ይላል። ስህተት ነው። የሚከፈል ግብር ባይኖርም ሳያሳውቁ መቅረት በ983/2008 ላይ እንደሰፈረው ለእያንዳንዱ የግብር ዘመን 10,000 ብር ያስቀጣል። የሚከፈል ግብር ላለበት ደግሞ ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ጀምሮ እስከ 25 በመቶ ይወጣል፤ ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት ለብቻው ነው።

ደረጃንም መፈተሽ ያስፈልጋል። በ979/2008 የነበሩት «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሁለት ብቻ ሆነዋል። መለያው ዓመታዊ ሽያጭ 2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ግለሰብ ነጋዴ የሚከፍለው በሽያጩ መጠን ነው። ባለፈው ዓመት የተሞላውን ቅጽ ገልብጦ መላክ የለመደ አስፈጻሚ እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ለሂሳብ ባለሙያ አይከፈል ማለት አይደለም። የሂሳብ መዝገብ መያዝ ሙያ ነው፣ ዋጋ አለው። ፈቃድ ያለው የታክስ ወኪልም በአዋጁ የታወቀ ነው፤ ያዘጋጀውን ማስታወቂያ የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት። ልዩነቱ ያለው ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው በመክፈልና ቁልፍ ለሚጫን ሰው በመክፈል መካከል ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። እዚያ ደሞዝተኛው ሳይቀር በየዓመቱ ያሳውቃል፤ በእኛ አገር የደሞዝተኛውን ግብር አሠሪው ቆርጦ ያስገባል። የአሜሪካ መንግሥት ከሶፍትዌር ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ሰው በነፃ እንዲያሳውቅ ቢያደርግም ብዙ ሰው አሁንም እየከፈለ ያሳውቃል።

ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ከዚያ በፊት በነፃ የሚሠራ የአምስት ደቂቃ ሥራ አለ፦ ወደ ራስ መዝገብ ገብቶ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ ማየት፣ የሌላ ሰው ከሆነም አስቀይሮ ፓስወርዱን መለወጥ።