«አንድ ጨዋታ በላኝ»፦ ስለ ቤቲንግ የሚወራውና እውነቱ

ቅዳሜ ማምሻውን፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ሲያልቁ፣ አቃቂ ውስጥ ትኬት ከቆረጡ ወጣቶች አፍ የሚሰማው ብሶት አንድ ዓይነት ነው፦ «ዘጠኙ ገብተውልኝ አንዱ በላኝ!» ተናጋሪው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና ረዳት ወይም ሥራ ፈላጊ ሊሆን ይችላል። እምነቱ ግን ያው ነው፦ ዕድሉ ለጥቂት አመለጠው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባለታል። ብዙ ኪስ ካራቆቱት የቤቲንግ ተረቶች አንዱ ይሄ ስለሆነ ረጋ ብለን እናስላው።

አስር ጨዋታ ያለበት ትኬት እንውሰድ። ቆራጩ ኳስ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ጨዋታ ከመቶ 60 ጊዜ በትክክል ይገምታል እንበል። ጎበዝ ነው። ቢሆንም አስሩም አንድ ላይ የሚገቡለት ከ165 ትኬት በአንዱ ብቻ ነው። ዘጠኙ ገብተው አንዱ የሚበላበት ትኬት ግን ከ25 አንዱ ነው። «ለጥቂት» የሚያሰኘው ትኬት ከሚያሸንፈው ወደ ሰባት እጥፍ ይበዛል ማለት ነው። ሰውየው ወደ ድል ስለተጠጋ ሳይሆን ብዙ ጨዋታ የተደረደረበት ትኬት ባሕርዩ እንዲህ ስለሆነ ነው። የአንጎል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ደግሞ ለጥቂት መሳት ማሸነፍ የሚያነቃቃቸውን የአንጎል ክፍሎች ያነቃቃል፤ ሰውየው ተበልቶም እንኳ ሌላ ትኬት ለመቁረጥ ይነሳሳል።

የአጫዋቹ ቤት ድርሻ የተደበቀው ኦዱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ውጤት የሚሰጠው ማባዣ ቁጥር ውስጥ ነው። ለባለሜዳው 1.90፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳው 4.00 ተሰጠ እንበል። 1ን ለእያንዳንዳቸው ስናካፍል በመቶኛ 52.6፣ 29.4 እና 25 እናገኛለን፤ ድምሩ 107 ነው። ከ100 በላይ ያለችው 7 የአጫዋቹ ቤት ናት። በአንድ ጨዋታ ሲያዩዋት ትንሽ ናት። ይህችው ድርሻ በአስር ጨዋታ ላይ ስትባዛ ግን ከተከፈለው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 51 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል። ቤቶቹ ብዙ ጨዋታ ለሚደረድር ሰው ጉርሻ የሚያበዙት በደግነት አይመስለኝም። በገቢ ግብር ሕጉ መሠረትም ከዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ ግብር ይቆረጣል፤ ሰኞና ማክሰኞ የተበሉት ትኬቶች ከዚያ ላይ አይቀነሱም።

«ፊክስድ ጨዋታ (ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ) የሚሸጥ የቴሌግራም ቻናል አለ፤ ሦስቴ ተከታታይ ገብቶለታል» የሚባለውስ? ዘዴው ቀላል ነው። አጭበርባሪው ለ900 ሰው ይልካል፦ ለ300ው «ባለሜዳው ያሸንፋል»፣ ለ300ው «አቻ»፣ ለቀሪው 300 «እንግዳው»። ውጤቱ ምንም ይሁን 300 ሰው «አወቀው!» ይላል። ለእነዚያ ብቻ ደግሞ እንዲሁ ከፋፍሎ ሲልክ 100 ይቀራሉ፣ በሦስተኛው ዙር 33። እነዚያ 33 ሰዎች በዓይናቸው ሦስት ትክክለኛ ትንቢት አይተዋልና ለአራተኛው ገንዘብ ይከፍላሉ።

የተበላውን ለማስመለስ ደጋግሞ መግባት ከሁሉ የከፋው ነው። «ይህን ያህል ከተበላሁ አሁን ተራዬ ደርሷል» ይባላል። ነሐሴ 1913 እ.ኤ.አ. በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ሩሌቱ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈ። ቁማርተኞቹ «አሁንስ ቀይ መምጣቱ አይቀርም» እያሉ ገንዘባቸውን አሟጠጡ። ሩሌቱ ያለፈውን አያስታውስም፤ የዛሬው ጨዋታም ትናንት ማን እንደተበላ አያውቅም።

«መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶት የለ እንዴ?» ሰጥቷል። ፈቃድ ማን ማጫወት እንደሚችልና ሽልማት መክፈል እንዳለበት ይናገራል እንጂ ተጫዋቹ እንደማይጎዳ ዋስትና አይሰጥም። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤቲንግ ቤቶች ሲታሸጉ ችግሩ ያለቀ የመሰላቸው ነበሩ። በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሥራ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ትኬቱም፣ ክፍያውም፣ ብድሩም ያለው አንድ ስልክ ውስጥ ነው። ሰው ሳያየው፣ ፈረቃ ላይ ሆኖ፣ ሌሊት አልጋው ውስጥ መቁረጥ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ተረት ልግባ፦ «ሱስ አይደለም፤ ባለጌነት ነው። ቢፈልግ ያቆማል።» የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የቁማር ሱስ ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽንም በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 80 ሚሊዮን አዋቂዎች በቁማር ሱስ ወይም በችግር አዘል ቁማር እንደተያዙ ገምቷል። ጉዳዩ የአንጎል ለመሆኑ አንድ ምስክር ልጥቀስ። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ቁማር ነክተው የማያውቁ አረጋውያንን ቁማርተኛ አድርገዋል፤ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል። እነዚያ ሽማግሌዎች በስተርጅና ባለጌ ሆኑ እንበል?

ምልክቶቹ የሚታዩት ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በሰውየው ኑሮ ላይ ነው። ለማቆም ሞክሮ አልቻለም፤ የቆረጠውን ይደብቃል፤ የእቁብ ዕጣ ወይም የቤት ኪራይ ይነካል፤ ለመቁረጥ ይበደራል፤ ሲበላ ብሩን ለማስመለስ ወዲያው ይመለሳል። ይህ ያልደረሰበት ሰው ሊጠነቀቅ የሚችለው ሳይቆርጥ በፊት ነው፦ ቢጠፋ የማያሳዝን መጠን አስቀድሞ መወሰን፣ ደመወዝ እንደገባ እቁብና ኪራይ መክፈል፣ በብድር ብር ፈጽሞ አለመቁረጥ። «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚለው ማስታወቂያ ግን በሱስ ለተያዘ ሰው ምክር አይሆነውም። ለእርሱ የሚሻለው ጭራሽ ማቆም ነው፦ አፑን ማጥፋት፣ አካውንቱ እንዲዘጋለት አጫዋቹን በጽሑፍ መጠየቅ፣ የባንክ ካርዱን ለሚያምነው ሰው መስጠት።

ቤተሰብም የራሱ ተረት አለው፦ «ዕዳውን ከፍለን ነፃ እናውጣው፣ ያኔ ይተዋል።» ብሩ በእጁ ከገባ ብዙ ጊዜ ወደ ትኬት ይሄዳል። መክፈል የግድ ከሆነ በቀጥታ ለአበዳሪው ይከፈል፤ ሕክምናው ደግሞ ጎን ለጎን ይጀመር።

«አማኑኤል የሚሄደው ያበደ ሰው ነው» ይባላል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጭንቀትና ድብርት ያለበት፣ በሱስ የተያዘም ሰው የሚታከምበት ቦታ ነው። የአቃቂ ሰው ግን ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላል፤ ከዚያ በክፍለ ከተማው ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደ አማኑኤል ሪፈር እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ለቁማር ሱስ ብቻ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ በጥናት የተደገፈው ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው። አብሮ ያለ ድብርት፣ መጠጥ ወይም ጫት ካለም አብሮ ይታከማል። የንስሐ አባትን ወይም ኢማምን ማማከር ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ አንዱ ሌላውን እንዲያስቀር ግን አትፍቀዱ።

በቤታችሁ ዕዳ የከበበው ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ እንደ ንዴት ቃል አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ ያኔውኑ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያም ስትደርሱ «ራስ ምታት ነው» ብላችሁ አትሸፋፍኑ፤ ቁማር እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት።