«ምግቡ ነው ዶክተር»፦ ከሰል፣ የተዘጋ በርና የቤታችን አየር

ክረምቱ ገብቷል፣ ብርዱም አይጣል ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ የቤት ውስጥ አየር እናወራለን። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። ባለታሪኮቹን አስፈቅጃለሁ፣ ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገርም አላስገባሁም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው፣ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሥራ ላስረክብ ስል አንድ አባት ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን በታክሲ ይዘው ከተክለ ሃይማኖት መጡ። እናት ራሳቸውን ይዘው ያቃስታሉ፣ ትልቁ ልጅ ያስመልሰዋል፣ ትንሿ ፍዝዝ ብላለች። «ምግቡ ነው ዶክተር፣ የማታው ወጥ ሳይበላሽ አልቀረም» አሉኝ አባት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። ትኩሳት የላቸውም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 ይላል። ኦአርኤስ ጽፌ ወደ ቤት ልሸኛቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «እርስዎስ ከወጡ አልበሉም?» አልኳቸው። «በላሁ እንጂ! አብረን በልተን ነው ወደ ሥራ የወጣሁት» አሉ። የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፣ ያደሩት ውጭ ነው። እሳቸው ደህና፣ ቤት ያደሩት ሦስቱም ታመዋል። «ማታ ቤት ውስጥ ምን ሲነድ ነበር?» ስል እናት ቀና ብለው፣ «ኧረ ምንም... ብርድ ስለነበር ከሰሉን አመድ አልብሼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት እንጂ» አሉ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ዝናብ እንዳይገባ የበሩ ስር በጨርቅ ተወትፏል። እናትና ልጆቹ የሚተኙት ቆጥ ላይ ነው።

ወዲያው ኦክስጅን አደረግንላቸው። ከሰዓት በኋላ ትንሿ ዳቦ ጠየቀች። እኔ ግን ያቺን 98 እስካሁን አልረሳኋትም። አምኛት ብሸኛቸው ኖሮ በማግስቱ ማታ እዛው ቤት፣ እዛው ቆጥ ላይ፣ ከዛው ከሰል ጋር ነበር የሚያድሩት።

ምን ነበር የመታቸው?

ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሳንባችን እየተነፈሰ ልባችንና አንጎላችን ኦክስጅን ያጣሉ። የጣት መለኪያው ደግሞ ጋዙን የተሸከመውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው አይለይም። ለዚህ ነው ሰው እየታፈነ «98» የሚለው።

ብዙዎቻችን «ከሰሉ ጭሱ ካለቀና ቀልቶ ፍም ከሆነ ችግር የለውም» እንላለን። ስህተት ነው። ያለቀው በዓይን የሚታየው ጭስ ነው፣ ጋዙ እየወጣ ነው። አመድ ማልበስ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሰሉ በቂ አየር ሳያገኝ ቀስ እያለ ይጨሳል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆጥ ላይ የሚተኛ ሰው የበለጠ ይጋለጣል። ላቀች ምድጃም ቢሆን ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም።

ከሰል ባይገድለንስ?

ሌላው ጉዳት በአንድ ሌሊት አይታይም። በእንጨትና በከሰል ጭስ ውስጥ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሱ ብናኞች አሉ። ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፣ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ስትሮክ፣ የልብና የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ሳንባቸው ግን የአጫሽ ሳንባ የመሰለ እናቶች ወደ እኛ የሚመጡት ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«መስኮት ክፈቱ» ማለት ቀላል ነው። መስኮት የሌለው ቤት የሚኖር ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በአቅማችን፦

1. ከሰል ቤት ውስጥ አይደር። በፍጹም! ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት፣ ማውጫ ከሌለ ውኃ አፍስሳችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ለብርዱ አንድ ብርድ ልብስ መጨመር ይሻላል።

2. ከሰል የምታቀጣጥሉት ደጅ ይሁን። መብራት ሲኖር ወጡንም ቡናውንም በኤሌክትሪክ ሥሩ።

3. ቡናችንን ተዉ አልልም፣ እኔም አልተውም! ግን በር አጠገብ፣ በሩ ተከፍቶ ይፈላ። ዕጣኑም ቆንጠር ተደርጎ ይበቃል፣ እሱም ጭስ ነው። አስም ያለበት ሰውና ጨቅላ ሕፃን ካለ ይቅር።

4. ሁለት ክፍት ቦታ ካለ (በርና መስኮት) አንድ ላይ ክፈቱ፣ አየሩ ቶሎ ይቀየራል። ቤታችሁ መንገድ ዳር ከሆነ በግቢው በኩል ያለውን ምረጡ።

5. መርካቶ ሱቅ ያላችሁ፦ ጄኔሬተር ሱቅ ወይም መጋዘን ውስጥ አይነሳ። የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው።

6. በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል።

7. ክረምት ላይ እርጥብ ልብስ የምትተኙበት ክፍል አይሰጣ፣ ግድግዳው ይሻግታል። አቧራም ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

ምልክቶቹን እወቁ

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ መደናገር። በተለይ አንድ ቤት ያደሩ ሰዎች አብረው ከታመሙና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሰል ነው።

እንዲህ ከገጠማችሁ በር ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ በጎኑ አስተኙት። ወተት፣ ውኃ፣ ምንም አታጠጡት፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወደ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (እሳትና አደጋ) ደውሉ። ሐኪም ጋ ስትደርሱ «ከሰል ነበር» በሉ። ያቺ አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች የተሻላት ቢመስልም ትምጣ፣ ፅንሱ ከእሷ የበለጠ ይጎዳል።

እኚያ አባት ሲወጡ «እኔ እኮ እንዳይበርዳቸው ብዬ ነው ከሰሉን የገዛሁት» አሉኝ። ሁሉም ሰው እንዲሁ ብሎ ነው የሚገዛው። እናንተም ዛሬ ማታ በር ከመዝጋታችሁ በፊት ከሰሉ የት እንዳለ እዩ። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁም ይሄን ላኩለት።