የአንድ ዓመቱ ሰርተፍኬት ስንት ያወጣል?

ባለፈው እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ፡፡ ሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት፤ እዚያ ገና አልመሸም፡፡ «ጋሼ፣ ነርስነት ልማር ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚፈጀው» አለችኝ፡፡ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ፣ ዲቪ ደርሷት ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል፡፡ አሁን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ «ሲኤንኤ» ሆና ትሠራለች፡፡ አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ትመግባለች፡፡ ልትማር ያሰበችው «ኤልፒኤን» የሚባለውን ነው፤ ትምህርት ቤቱ የጠየቃት 24 ሺህ ዶላር ነው፡፡ ያዋጣል ወይ? ነው ጥያቄዋ፡፡

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ዘመድ የሌለው አንባቢ ጥቂት ነው ብዬ ስለማምን ሒሳቡን እዚሁ ልዘርጋው፡፡ ሒሳብ የተማረችው እሷ ሆና የማሰላው እኔ መሆኔን አንባቢ ይታዘበኝ፡፡

በአሜሪካ የነርስነት ሥራ በደረጃ የተከፈለ ነው፡፡ ከታች አስታማሚው ሲኤንኤ አለ፤ ሥልጠናው በሳምንታት ያልቃል፡፡ ከላይ «አርኤን» የሚባለው ሙሉ ነርስ አለ፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ ከዚያም በፊት መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች ይጠበቁበታል፡፡ ኤልፒኤን በሁለቱ መካከል ነው፡፡ መድኃኒት ይሰጣል፣ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያሽጋል፤ የሚሠራው ግን በሙሉ ነርስ ወይም በሐኪም ኃላፊነት ሥር ነው፡፡ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ኤልቪኤን» ሲሉ ብትሰሙ ሌላ ነገር አይደለም፤ ያው ነው፡፡

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፡፡ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው አኃዝ የሲኤንኤ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 39,530 ዶላር፣ የኤልፒኤን 62,340፣ የአርኤን 93,600 ዶላር ነበር፡፡ መካከለኛ ማለት ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው፡፡ ሁሉም ከግብር በፊት ነው፡፡ እንግዲህ ሰርተፍኬቱ በዓመት የሚጨምርላት 22,810 ዶላር ነው፡፡

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጪውን ሲቆጥር ነው፡፡ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ይዞ ይቀራል፡፡ ቀን ከተማረች መሥራት የምትችለው ቅዳሜና እሑድን እንዲሁም አልፎ አልፎ ሌሊት ነው፡፡ ከዓመት ደመወዟ ግማሹ ቀረ ብንል 19,765 ዶላር ሄደ ማለት ነው፡፡ በዚህ ላይ 24 ሺሁንና የፈቃድ ፈተናውን 200 ዶላር ስንጨምር 43,965 ዶላር ይሆናል፤ መጻሕፍቱንና ዩኒፎርሙን አልቆጠርኩም፡፡ ይህን በ22,810 ስናካፍለው ወጪዋን ለመመለስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ግብሩ ሲነሳ ከዚያም ይረዝማል፡፡ ልጅቷ ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፡፡ በዚህ ሒሳብ ያዋጣል፡፡

«ታዲያ ለምን በርካሹ የመንግሥት ኮሌጅ አትማሪም?» አልኳት፡፡ ወረፋ አለው፣ ቅድመ ኮርሶች አሉት አለችኝ፡፡ ወረፋም ዋጋ አለው፤ አንድ ዓመት ቆማ ብትጠብቅ ያችው 22,810 ዶላር ታልፋታለች፡፡ የግል ትምህርት ቤቶቹ የሚሸጡት በአብዛኛው ይህንኑ ጊዜ ነው፡፡

የፌዴራሉ መንግሥት «ፔል ግራንት» የሚባል የማይመለስ እርዳታ አለው፤ በ2024–25ም በ2025–26ም ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ሆኖ የተወሰነ ነው፡፡ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም እንኳ ይቆጠራል፡፡ የአዲስ አበባው ዲግሪዋ አካውንታንት ሆና ለመቀጠር አልረዳትም፤ እርዳታ ለመከልከል ግን በቃ፡፡ «ብዙ ሰው አልተማርኩም ብሎ ይሞላል» አለችኝ፡፡ አጥብቄ የተቆጣኋት እዚህ ላይ ነው፡፡ በፌዴራል ቅጽ ላይ እያወቁ ሐሰት መሙላት በዚያ አገር ወንጀል ነው፤ ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ ከገንዘብ ቅጣቱ በላይ የሚያጣው አለው፡፡ የቀራት ብድር ነው፡፡ የተማሪ ብድር በኪሳራ ሕግ እንኳ በቀላሉ የማይሰረዝ ዕዳ መሆኑን ነገርኳት፡፡

ሌላው መታወቅ ያለበት ሰርተፍኬት ፈቃድ አለመሆኑ ነው፡፡ ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው፤ ለዚያም «ኤንክሌክስ ፒኤን» የተባለውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፡፡ ትምህርት ቤቱ በቦርዱ ያልታወቀ ከሆነ 24 ሺሁም ዓመቱም ውኃ በላቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ፍሎሪዳ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስነት ዲፕሎማዎች ተሸጠዋል ብሎ 25 ሰዎችን መክሰሱን ይፋ አድርጎ ነበር፡፡ ከገዢዎቹ መካከል ፈተናውን አልፈው ሥራ የያዙ ነበሩ፤ በየስቴቱ ቦርዶች ፈቃዳቸውን የተነጠቁም አሉ፡፡ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት በቦርዱ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ተማሪዎቹም ፈተናውን በደህና ያልፋሉ፡፡ ይህንን አብረን አየን፡፡

የሕግ ሰው ነኝና ውሉን ላኪልኝ አልኳት፡፡ በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ላከችው፤ አሥራ አራት ገጽ ነው፡፡ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣቸው ኮርሶች በሌላ ኮሌጅ ተቀባይነት ስለማግኘታቸው ዋስትና እንደማይሰጥ ተጽፏል፡፡ እሷ ይህን ገጽ አላነበበችውም፡፡ ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን እዚህ ነው፡፡

ምክንያቱም ኤልፒኤን መጨረሻዋ አይደለም፡፡ ከዚያ ወደ አርኤን መሻገሪያ ትምህርት አለ፤ በኤልፒኤንና በአርኤን መካከል ያለው ልዩነትም በዓመት 31,260 ዶላር ነው፡፡ ኮሌጁ የተማረችውን ከተቀበላት አጋማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ካልተቀበላት ከቅድመ ኮርሶች ትጀምራለች፡፡ እስከዚያው መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትቆየው፤ ብዙ ሆስፒታሎች ሙሉ ነርስ ይመርጣሉና፡፡ በአንድ ሺፍት ለብዙ ሰው መድኃኒት ታድላለች፤ ስህተት ቢፈጠር ቦርዱ ፊት የሚቀርበው የራሷ ፈቃድ ነው፡፡ የወገብ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል፡፡

በአቅራቢያዋ ላለው ኮሌጅ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚመጣን ኤልፒኤን ለመሻገሪያው ትቀበላላችሁ ወይ? ብላ በጽሑፍ እንድትጠይቅ መከርኳት፡፡ በስልክ የተባለ ነገር አይያዝም፡፡ ማክሰኞ ዕለት ጽፋለች፡፡ ይህን ጽሑፍ እስካስረክብ ድረስ መልስ አልመጣላትም፤ የምዝገባው መጨረሻ ሰኞ ነው፡፡